ለክቡር ሪጅን ኮድ፦ ከክልል 5 ነዋሪ የቀረበ አቤቱታ

ለክቡር ሪጅን ኮድ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እርስዎን ራስዎን ይመለከታል

ለክቡርነትዎ ጤና እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእርስዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ብዙ ሰው እርስዎን፣ የዲቪዲ ዲስክ የት አገር እንደሚጫወት የሚወስኑትን ቁጥር፣ ሞተዋል ብሎ ያስባል። ፊልም በስልክ በሚታይበት ዘመን ማን ዲቪዲ ማጫወቻ ይገዛል ይላል። እንዲህ የሚል ሰው የእናቱን ቁም ሳጥን ከፍቶ አያውቅም። የታላቅ እህቱ ሠርግ ያለው ዲስክ ላይ ነው። የመልሱም እንደዚያው። የምረቃው፣ የታናሽ ወንድሙ ክርስትና፣ የአያቱ ተዝካር ሳይቀር ዲስክ ላይ ነው። የእኔ እናት ይህን ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ደርድራ ይዛለች። አሮጌው ማጫወቻ መንተባተብ ሲጀምር፣ ቴሌቪዥኑም ዕድሜው ስለደረሰ፣ ሁለቱንም አዲስ ልግዛላት ብዬ ወጣሁ። ከክቡርነትዎ ጋር የተገናኘነው እዚያ ነው።

ደብዳቤው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ለማያውቅዎት አንባቢ ላስተዋውቅዎ። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጃፓን፣ በ1997 ደግሞ አሜሪካ ገበያ ሲወጣ የፊልም ኩባንያዎቹ አንድ ጭንቀት ነበረባቸው። ያኔ ፊልም መጀመሪያ አሜሪካ ሲኒማ ቤት ይታያል። ከወራት በኋላ አውሮፓ ይደርሳል። ሌላው ዓለም ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ ዲስኩ አሜሪካ እንደወጣ አንዱ ገዝቶ ለንደን ላለ ዘመዱ ቢልክለትስ? የለንደኑን ሲኒማ ቤት ማን ሊገባለት ነው? ስለዚህ ክቡርነትዎ ተሾሙ። ዓለም በቁጥር ተከፋፈለች። ለዲስኩም ቁጥር ተሰጠው፣ ለማጫወቻውም። ቁጥሮቹ ካልተገጣጠሙ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ይወጣል። ፊልሙ አይወጣም።

አከፋፈልዎን ሳላደንቅ አላልፍም። አሜሪካና ካናዳ 1 ሆኑ። አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2። ደቡብ ኮሪያና ታይላንድ 3። አውስትራሊያና ላቲን አሜሪካ 4። ቻይና ለብቻዋ 6። እኛስ? እኛ 5 ነን። ከእነማን ጋር ቢሉ ከሩሲያ፣ ከሕንድ፣ ከሞንጎሊያና ከሰሜን ኮሪያ ጋር። ይህን ማኅበር ማን እንደመሠረተው እንጃ። ለወጉ ያህል፣ ፒዮንግያንግ ተገዝቶ የመጣ ዲስክ አዲስ አበባ ላይ ያለ ችግር ይነበብልኛል። ከካይሮ የሚመጣው ግን አይነበብም፤ ግብጽ 2 ናት። አባይን እየተጋራን ዲስክ ላይ ተለያየን። ደቡብ አፍሪካም 2 ናት። ሌሴቶም እሷን ተከትላ ገብታለች፤ ዙሪያዋን ተከባ የት ትሂድ።

በርግጥ ክልልን በቁጥር መጥራት ለእኛ ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባን "ክልል 14" ያልንበት ጊዜ ነበር። ግን እኛ እንኳ ተውነው እኮ!

ከሁሉም የሚገርመኝ 8 ነው። እሱ የተመደበው ለአውሮፕላንና ለመርከብ ነው። አክስቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ በ1 ትሳፈራለች፣ አየር ላይ የ8 ነዋሪ ትሆናለች፣ ቦሌ ላይ 5 ሆና ትወርዳለች። ፓስፖርቷ ላይ ግን ማንም አልመታላትም።

የአክስቴ ነገር ከተነሣ ዋናው ቅሬታዬ እዚሁ ላይ ነው። ባለፈው ስትመጣ ለእናቴ ፊልም ይዛላት መጣች። ኦርጅናል። ላስቲኩ ያልተቀደደ። በዶላር የተገዛ፣ ደረሰኙ ሳይቀር ያለ። "ኮፒ አትዩ፣ የሰው ላብ ነው" ብላ መክራንም ሄደች። አስገባነው። ክቡርነትዎ ብቅ አሉና አይሆንም አሉ። የጎረቤት ልጅ ደግሞ ያንኑ ፊልም ከመንገድ ገዝቶ መጣ። ስሙ በማርከር ተጽፎበታል፤ የተጻፈውም ከነስህተቱ ነው። ምንም ሳያስነጥስ ተጫወተ። ለምን ቢሉ፣ ኮፒ የሚያደርገው ሰው መጀመሪያ ፍቆ የሚጥለው የእርስዎን ቁጥር ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ በር ላይ ቆሞ ደረሰኝ የያዘውን እንግዳ እየፈተሸ፣ በአጥር የሚዘለውን የማያይ ዘበኛ ነዎት። 5 የተጻፈበት ኦርጅናል የሆሊውድ ዲስክ መርካቶ ውስጥ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሕጋዊውን እዚህ አይሸጡልን፤ ሕጋዊውን ከውጭ ስናመጣ ደግሞ ይከለክሉናል። ታዲያ ወዴት እንድንሄድ ነበር ሐሳብዎ?

የ5ን ታሪክ ልንገርዎ፣ ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። ኩባንያዎቹ ሩሲያ ውስጥ ኮፒ ሲያማርራቸው አንድ ዘዴ ዘየዱ። የሩሲያውን ዲስክ ከሌላው ዓለም ቀድመው፣ ብዙም ሳያሽሞነሙኑት ማውጣት ጀመሩ። ኮፒ አድራጊው ከመቅዳቱ በፊት ሕዝቡ ኦርጅናሉን ይገዛል ብለው ነው። ኮፒ አድራጊው አመስግኖ ተቀበላቸው። ያንኑ ዲስክ አንስቶ ለዓለም በተነው፤ "አር 5" የሚል ስምም አወጣለት። የእኛ ቁጥር በዓለም አደባባይ ዝና ያገኘው በዚህ ነው። ኩሩ ዜጋ ነኝ።

ለትልልቅ ሰዎችም ቢሆን አይመለሱም። እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ዋይት ሐውስ ሲሄዱ ከታሪካዊ መርከብ እንጨት የተሠራ የብዕር ማስቀመጫ ይዘው ሄዱ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በምላሹ 25 የአሜሪካ ፊልሞችን በዲቪዲ ሸለሟቸው። የእንግሊዝ ጋዜጦች ታዲያ የ1 ዲስክ በ2 አገር አይጫወትም ብለው ሳምንቱን ሲስቁ ከረሙ። ይህን ለእናቴ ስነግራት "እሰይ፣ ብቻችንን አይደለንም" አለች።

ወደ ግዢው ልመለስ። መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ።

"ይሄ ሁሉን ያነባል" አለኝ ሻጩ።

"ሁሉን ስትል የአሜሪካንም?"

"ወንድሜ፣ ይሄ ያላነበበውን ማንም አያነበውም።"

"የአሜሪካ ዲስክ ይዣለሁ፤ እንሞክረው?"

"መብራት የለም።"

ከጀርባው የተደረደሩት ቴሌቪዥኖች በሙሉ በርተው ክሊፕ እያሳዩ ነበር።

ማጫወቻውን ገለበጥኩት። መታወቂያዎ የሚለጠፈው እዚያ ነውና። ትንሽ የዓለም ሉል ናት፤ መሃሏ ላይ ቁጥር አለ። የዲስኩ መያዣ ጀርባም ላይ ትገኛለች። 2 ካለች 2 ነው፣ ልመና የለም። "ኦል" ካለች ሁሉም ይገባል። የዚያ ሱቅ ማጫወቻ 2 ይል ነበር። ሁሉን ያነባል የተባለው!

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት ልጅ ሥራውን ያውቃል። የዲስክ መሳቢያውን ከፈተ። ሪሞቱ ላይ የሆኑ ቁጥሮችን ተጫን ተጫን ሲያደርግ አንድ የተደበቀ ገጽ መጣ። ክቡርነትዎ እዚያ ቁጭ ብለዋል። ልጁ ወደ 0 ቀየረዎት፤ ሁሉን አንብብ ማለት ነው። አለቀ። በዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች የተሠመረው ድንበር ሻይ ሳይበርድ ተነሣ። ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች እንዲህ ዓይነት ምሥጢር አላቸው፤ ኮዱ ግን እንደ ሞዴሉ ይለያያል። አንገታቸውን የሚያደነድኑት ውዶቹ ናቸው። ልጁ አንድ ነገርም መከረኝ። አንዳንድ የአሜሪካ ዲስኮች 0 የሆነ ማጫወቻ ሲያዩ እንዲያኮርፉ ተደርገው ተሠርተዋል። ያኔ ቁጥሩን በቀጥታ 1 ማድረግ ነው። ይህን ሁሉ ተንኮል ያሰቡበት ጊዜ ፊልሙን ቶሎ ለመላክ ቢውል ምን ነበረበት?

ኮምፒውተር ላይ እንኳ ትንሽ ቸርነት አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የመጡት የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቮች ቁጥራቸውን አምስት ጊዜ መቀየር ይፈቅዳሉ። ከአምስተኛው በኋላ ግን ይቆለፋል። ዊንዶውስ ቢጫን፣ ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር ንቅንቅ የለም፤ ቁጥሩ የተቀመጠው ድራይቩ ራሱ ውስጥ ነው።

ሐቀኛ ልሁንና፣ ያለ ጥፋትዎ የሚከሰሱበትም አለ። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ ዘመዶቻችን የሠርግ ዲስክ ከዚህ እንልካለን። ያስገቡታል። ወይ ጨርሶ እምቢ ይላል፣ ወይ ሙሽሪት ጥቁርና ነጭ ሆና ስክሪኑ ላይ ትሽከረከራለች። "ያ ሪጅን የሚሉት ነው" ብለው ይረግሙዎታል። አይደሉም! ሠርጉን የቀረጸው ልጅ ዲስኩ ላይ ሪጅን የሚባል ነገር አላደረገም። እዚህ ላይ ጥፋቱ ፓልና ኤንቲኤስሲ የሚባሉት የሁለቱ የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓቶች ጠብ ነው። እኛ እንደ አብዛኛው አውሮፓ የፓል ሰዎች ነን፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ገደማ። እዚህ የሚሸጡት ቴሌቪዥኖች በአብዛኛው ሁለቱንም ይችላሉ። አሜሪካ የሚሸጡት ግን ብዙዎቹ ከራሳቸው ሌላ አይሰሙም። ስለዚህ አሜሪካ ያለ ሰው "ሪጅን ፍሪ" (ሁሉን ቁጥር የሚያነብ) የሚል ማጫወቻ ስላገኘ ብቻ ደስ አይበለው። ፓልን ወደ ኤንቲኤስሲ ይቀይራል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ቴል አቪቭና ዱባይ ያሉት ይሻላቸዋል። እነሱ ቁጥራቸው 2 ቢሆንም የፓል አገር ስለሆነ ሠርጉን ከነቀለሙ ያያሉ።

ፓልም ቢሆን የራሱ አመል አለው። የሲኒማውን 24 ምስል 25 ለማድረስ ፊልሙን 4 በመቶ ያፈጥነዋል። የሁለት ሰዓት ፊልም አምስት ደቂቃ ገደማ ያጥራል። ለእናቴ ተስማምቷታል፤ ፊልም ረዘመ እያለች ነው የምታማርረው።

አክስቴ ቴሌቪዥኑንም ከዚያ ልላክ ብላ ነበር። እንኳን ቀረባት። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ቴሌቪዥን ከእኛ 220 ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ጭስ ነው። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሶኬቱን ማስተካከል ብቻ ነው። እዚሁ የገዛሁት ፍላት ቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች የሉትም። ደግነቱ ሁለተኛው ልጅ የሸጠልኝ ማጫወቻ ኤችዲኤምአይ የሚባለው አዲሱ መሰኪያ አለው። የሌለው ብገዛ ኖሮ ሁለቱ ዕቃዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሲተያዩ ይኖሩ ነበር።

ከዲቪዲ ቀጥሎ ብሉ ሬይ የሚባለው ዲስክ፣ ወንድምዎ፣ ሲመጣ ክልሎቹን ወደ ሦስት ዝቅ አድርጓል፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ። እዚያ ላይ እኛ ዕድገት አገኘን። ከሰሜን ኮሪያ ማኅበር ወጥተን ቢ ውስጥ ከአብዛኛው አውሮፓ ጋር ተመድበናል። ለቪዛ ስሄድ ይህን ማስረጃ አድርጌ ላቅርብ እያልኩ ነው። ፎር ኬ ብሉ ሬይ ደግሞ ክልል የሚባል ነገር ጨርሶ ትቶታል። የገዛ ዘመዶችዎ ናቸው የተዉዎት።

እንግዲህ ትልልቅ ፊልሞች ዛሬ ብዙ አገር ላይ በአንድ ሰሞን ይወጣሉ። የተሾሙበት ምክንያት የለም። ጡረታ እንዲወጡ ልጠይቅ ብዬ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ጽፌ ልጨርስ ስል እህቴ ስልኳን ይዛ መጣች። አንድ ፊልም ልታይ ነክታው "ይህ ቪዲዮ በአገርዎ አይገኝም" ይላታል። ድምፅዎን ወዲያው አወቅሁት። ለካ ክቡርነትዎ ጡረታ አልወጡም፤ ተዛውረዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬን አሻሽያለሁ። አዲሱ ቢሮዎ የት እንደሆነ ይገለጽልኝ። ሪሞቱን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የክልል 5 (በብሉ ሬይ የቢ) ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለአቶ ፓልና ለአቶ ኤንቲኤስሲ፣ ሽማግሌ እንዲልኩ
ለአክስቴ፣ ያመጣችው ፊልም በ1 ተከፍቶ መታየቱን እንድታውቅ
ለመጀመሪያው ሱቅ፣ መብራት ሲመጣ