ግማሽ ፈንድ፣ ሙሉ ዶክተር

አገር ቤት "ስኮላርሺፕ አገኘ" ከተባለ ነገሩ አለቀ ነው። ትምህርቱም ኪራዩም ኢንሹራንሱም የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ከፍሎ የጨረሰው ነው የሚመስለው፣ ስንት ፐርሰንት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም። እዚህ አሜሪካ ፒኤችዲ ከሚማረው አበሻ ግን ቀላል የማይባለው በግማሽ ፈንድ ነው ያለው። ግማሽ ስል ደሞ ብዙ ዓይነት አለው፤ ትዩሽን (የትምህርት ክፍያው) ተነስቶለት መኖሪያ የማይሰጠው አለ፣ በሳምንት የ10 ሰዓት አሲስታንትሺፕ (የማስተማር ወይ የምርምር ረዳትነት ሥራ) ተሰጥቶት የቀረውን እንደምንም ተወጣው የተባለ አለ፣ ሁለት ዓመት ጥሩ ተከፍሎት ሶስተኛው ላይ ፕሮፌሰሩ ግራንቱ (የምርምር ገንዘቡ) አልታደሰም ያለው አለ፣ ዘጠኝ ወር ተከፍሎት ሰመሩን ሶስት ወር ባዶ የሚቀመጥ አለ። እንደውም ይሄ የመጨረሻው ብዙ ቦታ ሙሉ ፈንድ ነው የሚባለው።

እኔ ከመምጣቴ በፊት አገር ቤት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምር ነበር። አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩት አንዳንዶቹ እዛው ፒኤችዲ እየሰሩ ነው፣ እና በተደዋወልን ቁጥር የሚገርመኝ ነገር እነሱም በግማሽ ፈንድ መማራቸው ነው፣ የጎደለው ግማሽ ብቻ ነው የሚለያየው። አገር ቤት መምህር ሆነህ ዩኒቨርሲቲህ ለፒኤችዲ ሲልክህ ውል ትፈርማለህ፣ ዋስ ትጠራለህ፣ ስትጨርስ ተመልሰህ ለዓመታት ታገለግላለህ፣ ደመወዝህ ግን አይቆምም። የሌለው ምርምሩን የምትሰራበት ገንዘብ ነው። እኔ ጋ ተገላቢጦሽ ነው፣ ላብ ውስጥ የምነካው ማሽን ዋጋ ለአንድ ትምህርት ክፍል የዓመት በጀት ይሆናል፣ ኬሚካል ሰኞ ካዘዝኩ በዛው ሳምንት ይደርሳል፣ የኔን ኪራይ የሚከፍል ግን የለም። እዛ ሰውዬው በልቶ ምርምሩ ይራባል፣ እዚህ ምርምሩ ጠግቦ ሰውዬው ይራባል።

እዚህ ያለው ጣጣ አውሮፕላን ላይ ሳትወጣ ነው የሚጀምረው። ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ 20 የሚባለውን ወረቀት የሚልክልህ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ ማን እንደሚሸፍን በሙሉ ካሳየህ ነው፣ እነሱ 60 ፐርሰንቱን ከሰጡህ 40ውን በባንክ ስቴትመንት ወይ በስፖንሰር ደብዳቤ ትሞላለህ። ከዛ የአጎት ልጅ ይፈለጋል። የአጎት ልጅ ደሞ ራሱ ሁለት ሥራ እየሰራ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው፣ "ችግር የለውም ወንድሜ እፈርምልሃለሁ" ይላል፣ ይፈርማል፣ ከልቡ ነው የሚፈርመው፣ ኦገስት ላይ ስትደርስ ግን ያ 40 ፐርሰንት የለም። ትምህርቱ ኦገስት ውስጥ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ክፍያ ብዙ ቦታ ሴፕቴምበር ነው የሚገባው፣ በመሃል አከራይ የወሩንና ዲፖዚት በአንዴ ይፈልጋል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህ ገና አልመጣም፣ ክሬዲት የሚባል የብድር ታሪክ ስምህ ላይ የለም። ትዩሽን ተነስቶልሃል ከተባልክ በኋላም ፊ የሚባል ነገር ተዘርዝሮ ይመጣል፣ የቴክኖሎጂ፣ የጤና ማዕከል፣ የኢንተርናሽናል ተማሪ እያለ፣ እሱን የትዩሽኑ መነሳት አይነካውም። ኢንሹራንሱ ለብቻው ነው።

እሺ ሰርቼ ልሙላው ስትል ሕጉ ይመጣል። ኤፍ 1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ትምህርት ባለበት ጊዜ ካምፓስ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም፣ ከካምፓስ ውጪ ደሞ ያለ ፈቃድ ጭራሽ አይቻልም። ስለዚህ የ10 ሰዓት አሲስታንትሺፕ ካለህ የቀረህ 10 ሰዓት ነው፣ ላይብረሪ ዴስክ ላይ ተቀምጠህ ወይ ዶርም ቁልፍ እየሰጠህ። አገር ቤት "ታክሲም ቢሆን ይነዳል እኮ፣ አሜሪካ ሥራ ሞልቷል" ይላሉ። ሥራውማ ሞልቷል፣ የተከለከልነው እኛ ነን። ስታተስህን (የተማሪ ቪዛ ሕጋዊነትህን) ካጣህ ፒኤችዲውም አብሮ ሄደ።

አንድ ቀዳዳ አለች፣ አንድ የትምህርት ዓመት ከሞላህ በኋላ ያልታሰበ ከባድ የኢኮኖሚ ችግር ገጥሞኛል ብለህ ከካምፓስ ውጪ ለመሥራት ማመልከት ይቻላል፣ ደንቡ ምሳሌ ሲጠቅስ ያንተ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት የገንዘብ ድጋፍ መቋረጥን እና የአገርህ ገንዘብ ምንዛሪ በከፍተኛ ሁኔታ መለዋወጥን ያነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ ከቤተሰቡ በብር ይደገፍ የነበረ ልጅ በደንብ የሚያነሳው ምክንያት ነበረው። ግን "ያልታሰበ" የምትለዋን ልብ በሉ፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ፈንድ ነው ተብሎ ፈርሞ የመጣ ሰው ችግሩ ያልታሰበ ነበር ብሎ ማስረዳት ይከብደዋል። አስቦት ነዋ የመጣው።

ታክሱን የሚነግርህ ሰው ደሞ የለም። ለትዩሽን የተሰጠህ ታክስ የለበትም፣ ለመኖሪያ የተሰጠህ ግን አለበት፣ ፌሎሺፕ (ሥራ ሳትሠራበት የሚሰጥ ድጋፍ) ከሆነ ዩኒቨርሲቲው አብዛኛውን ጊዜ 14 ፐርሰንት ቆርጦ ነው የሚሰጥህ። እዚህ ላይ ፓስፖርት ይለያያል። የቻይና ልጅ በሁለቱ አገሮች የታክስ ስምምነት ሠርቶ ከሚከፈለው ላይ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ከታክስ ነፃ ይደረግለታል፣ የህንዱ ልጅ ለሌላው የውጭ ተማሪ የማይፈቀደውን ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ታክስ ሳይሰላበት ከገቢ ላይ የሚቀነስ የተወሰነ መጠን) መውሰድ ይችላል፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር እንዲህ ዓይነት ስምምነት የላትም። አንድ ላብ፣ አንድ ፕሮፌሰር፣ እኩል ስታይፔንድ (የመኖሪያ አበል)፣ ኪስ የሚገባው ግን እኩል አይደለም። ይሄን ነገር ዲፕሎማቶቻችን አስበውበት ያውቁ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ፣ ስንት ትልቅ ትልቅ ስምምነት ሲፈረም እናያለን። ለእውነቱ አንድ የሚጠቅመን ነገርም አለ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር የሚባሉት የጡረታና የጤና መዋጮዎች ከደመወዛችን አይቆረጡም።

ባለትዳር ለሆነ ሰው ሂሳቡ ሌላ ነው። የኤፍ 1 ተማሪ ሚስት ወይ ባል መሥራት አይችሉም፣ ጄ 1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ የመጣ ሰው ባለቤት ግን የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች። እንግሊዝ ደሞ የፒኤችዲ ተማሪ ቤተሰብ ይዞ መግባት ይችላል፣ የትዳር ጓደኛም ይሠራል፣ ግን ለጤና ክፍያ በየሰዉ በዓመት 776 ፓውንድ የሁሉንም ዓመት ደምረህ ቪዛ ስታመለክት ነው የምትከፍለው። ግማሽ ፈንድ ያለው ሰው ለሁለት ሰው የአራት ዓመቱን በአንዴ ከየት ያመጣል?

ወደ አገር ቤት ልመለስ፣ እዛ ያለው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደመወዝ አይቆምም አልኩ እንጂ ይበቃል አላልኩም። መምህሩ የተሰጠችው የምርምር ገንዘብ ትንሽ ናት፣ እሷንም ለማውጣት ሶስት ፕሮፎርማ ያሰባስባል፣ ግዢ ክፍል ይመላለሳል፣ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ አስመጪው ዶላር አላገኘሁም ይለዋል፣ ዶላሩ ሲገኝ ዋጋው ከፕሮፎርማው በልጧል፣ እንደገና ፕሮፎርማ፣ ከዛ ሰኔ 30 ይደርስና በጀት ይዘጋል። ያልተጠቀመበት ተመላሽ ይሆናል፣ ሐምሌ ላይ አዲስ ጥያቄ ይጽፋል። እኔ ጋ በቀናት የሚያልቅ ነገር እሱ ጋ የበጀት ዓመት ይፈጃል፣ ሁለታችንም ግን መቼ ነው የምትጨርሰው ተብለን እኩል እንጠየቃለን። ብዙዎቹ ደሞ ደመወዙ ስለማይበቃ ማታ የግል ኮሌጅ ያስተምራሉ፣ ቅዳሜና እሁድ የኤክስቴንሽን ክፍል ይይዛሉ፣ ፒኤችዲውን የሚሰሩት በተረፈው ሰዓት ነው። እዚህ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አትሠራም የሚል ሕግ አስሮ ይይዘኛል፣ እዛ የሚያስቆም የለም፣ ሰውየው 50 ሰዓት አስተምሮ ያድራል። የቱ ይሻላል ብትሉኝ ለጥናቱ የኛ፣ ለቤተሰቡ የሱ።

የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የሆነው ነው። ኖቬምበር ላይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 48,000 የሚሆኑ ተማሪ አስተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና ፖስትዶኮች (ፒኤችዲ ጨርሰው በጊዜያዊነት የሚመራመሩ) በክፍያቸው ምክንያት ሥራ አቆሙ፣ ኪራይ ጨረሰን ነበር ዋናው ጩኸት። ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ፣ በኛ ኅዳር 2015 መሆኑ ነው፣ የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራንም በደመወዝ ጥያቄ ሥራ አቆሙ። አንድ ወቅት፣ አንድ ሙያ፣ አንድ ጥያቄ። የካሊፎርኒያዎቹ ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይተው የተማሪ አስተማሪ ዝቅተኛ ክፍያ ለዘጠኝ ወር ከ23,000 ዶላር ገደማ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ 34,000 እንዲደርስ ተፈራርመው ተመለሱ። የኛዎቹ ወደ ክፍል ተመለሱ፣ ጥያቄውም አብሯቸው ተመለሰ። እነዛ የሥራ ማኅበር፣ የድርድር ጠረጴዛ፣ የሚታደስ ውል አላቸው። ፈረንጅ ስለተማሪ አዝኖ የሰጠው ነገር አይደለም፣ ሳይታገሉ ቢቀመጡ 23ቱ ላይ ይቆዩ ነበር።

ጀርመን ያለው ወዳጄ ደሞ እናንተ አሜሪካኖች ግማሽነቱን ቢያንስ ትደብቁታላችሁ ይለኛል፣ እነሱ ጋ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፋል። የፒኤችዲ ተማሪው እንደ ሠራተኛ ተቀጥሮ በደመወዝ ሰንጠረዡ ኢ 13 የሚባለው እርከን ላይ ይቀመጣል፣ የሙሉ ሥራ 50 ፐርሰንት ወይ 65 ፐርሰንት ተብሎ። ላብ ውስጥ የሚጠበቅበት ግን መቶ ነው፣ 65 ፐርሰንት ተከፍሎኛልና ዛሬ በጊዜ ልሂድ የሚል ሰው የለም። ቢሆንም ትዩሽን የለበትም፣ የጤና ኢንሹራንስና ጡረታ አለው፣ ሰመር ላይም ደመወዙ ይገባል። ከኛ ግማሽ የሱ ግማሽ ይሻላል፣ ይሄን ሳልወድ ነው የምናገረው።

አንዱ የሚያስቀኝ ነገር ጆርናል ላይ ነው። አገር ቤት ያለው ጓደኛዬ ጽሑፉን ክፍት ጆርናል (አንባቢው ሳይሆን ጸሐፊው የሚከፍልበት) ላይ ሲያወጣ ኢትዮጵያ ድሃ ከሚባሉ አገሮች ዝርዝር ስላለች ብዙዎቹ አሳታሚዎች ክፍያውን ይተዉለታል። እኔ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ስልክ ሙሉውን ክፈል እባላለሁ፣ ፕሮፌሰሩ በጀት ከሌለው ደሞ ወይ ሌላ ጆርናል መፈለግ ነው ወይ ዝም ማለት። ባንክ አካውንቴን ቢያዩት እኮ የትኛው ዝርዝር ውስጥ መሆን እንዳለብኝ ይገባቸው ነበር።

ስለሚላከው ብር ሳላነሳ ባልፍ ትዝብቱ ጎደሎ ነው። ከግማሽ ስታይፔንድ ላይም ይላካል። ብሩ ከወረደ በኋላ ድሮ 5,700 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 100 ዶላር ከ10,000 በላይ ሆነ፣ እኔም እፎይ አልኩ፣ ያችኑ 100 ልኬ የበለጠ የሚደርሳቸው መስሎኝ። ወዲያው ኑሮው ተከትሎ ወጣና ያው ሆነ። የሚከፋው ደሞ የላኪው ችግር ለነሱ አይታይም፣ በዶላር የሚከፈለው ሰው እንዴት ይቸግረዋል? እንደቸገረኝ ለእናቴ መናገር ደሞ አልችልም፣ ልጄ ሰው አገር ተቸገረ ብላ እንቅልፍ ታጣለች፣ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን፣ ያ ዝምታ ነው "ስኮላርሺፕ አገኘ" የሚለውን ወሬ ሙሉ አድርጎ የሚያቆየው።

ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ የቅበላ ደብዳቤውን ላከልኝ። ትዩሽኑ በሙሉ ተነስቷል፣ ስታይፔንዱ የሁለት ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ በጀት ከተገኘ ይላል። "ጋሼ ልፈርም?" አለኝ። አትፈርም አላልኩትም፣ እሱ ቦታ ሆኜ ብጠየቅ ፈርሜ የምሮጥ ሰው ነኝ። ለዲፓርትመንቱ ጽፈህ ጠይቅ አልኩት፣ ባለፉት ዓመታት ሶስተኛ ዓመት የደረሱት ተማሪዎቻችሁ ስንቶቹ ተከፈላቸው በል፣ ሰመር ላይ ማን ነው የሚከፍለው በል፣ ኢንሹራንሱና ፊው ስታይፔንዱ ውስጥ ነው ወይስ ውጪ በል፣ ኮርስ ጨርሼ ፈተናውን ካለፍኩ በኋላ የምመዘገበው ክሬዲት (የኮርስ ሰዓት) ስንት ነው በል፣ ምክንያቱም እዛ ደረጃ ላይ በጥቂት ክሬዲት ሙሉ ተማሪ የሚያስብል ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ቢቋረጥብህም የምትከፍለው ይቀንሳል። እንዳይቆጡብኝ ብሎ ፈራ። እኛ ደሞ የሰጠንን ሰው ስንት ነው የሰጠኸኝ ብለን መጠየቅ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ የቻይናውና የህንዱ ልጅ ግን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ያገኘውን ደብዳቤ ጭምር እያሳየ ይከራከራል፣ ይጨምሩለታልም። ጻፈ በመጨረሻ። ሶስተኛ ዓመት ላይ አብዛኞቹ የማስተማር ሥራ ያገኛሉ፣ ሰመር ላይ ግን ዋስትና የለም ብለው በትህትና መለሱለት። አሁን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ መልስ እየጠበቀ ነው፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለፈንድ መልስ የሚጠብቁት እስከ ኤፕሪል 15 ስለሆነ እስከዛ ማንም አያስቸኩልህም አልኩት።