«ቡና ማፍላቱን ቤታችሁ አስተምሯቸው» ላሉን ሰው

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደሴ የወላጆች ስብሰባ ተጠርተን ሄድን፣ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት እኔ ነኝ የሄድኩት። አጀንዳው የልዩ ፍላጎት ክፍሉ ነው ሲባል ተጨማሪ አስተማሪ ሊመደብላቸው ነው ብለን ደስ ብሎን ነበር። የተነገረን ግን ልጆቹ የኑሮ ክህሎት የሚለማመዱበት ክፍል፣ ያ ምድጃው፣ አልጋው፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋው ያለበት ክፍል፣ ከዚህ ወር ጀምሮ የመጽሐፍ ስቶር እንደሚሆን ነው። የዘንድሮ ትኩረታችን የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ነው አሉ። ልጆቻችንስ ብለን ስንጠይቅ ከመድረክ የመጣው መልስ ይሄ ነበር፦ «ትምህርት ቤት የተከፈተው ፊደል ለማስቆጠር ነው፣ ቡና ማፍላቱን ቤታችሁ አስተምሯቸው»። ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፣ እስካሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።

ቤታችሁ አስተምሯቸው! እሺ ስለ ቤታችን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ 16 አመቱ ነው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። እዛ ክፍል እስኪገባ ድረስ፣ ማለትም እስከ 12 አመቱ፣ የምታጎርሰው እናቴ ናት፣ ጫማውን የምታስርለት እናቴ ናት፣ ፊቱን የምታጥበው እናቴ ናት። ስለምትሳሳለት ነው። ትኩስ ነገር ይፈጀዋል፣ ቢላ ይቆርጠዋል፣ ውጭ ከወጣ ልጆች ይመቱታል እያለች። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባ ነበር፣ ማንም ሳይነግረው። ቤት ውስጥ ያለው ፍቅር እኮ ነው እጁን አስሮት የኖረው፣ እና አሁን ተመልሶ እዛው ይማር ትሉናላችሁ? ደግሞስ ይሄ ነገር ለሌላው ልጅ ለምን አይሰራም? ሂሳቡን ቤታችሁ አስተምሯቸው፣ እንግሊዝኛውን አያታቸው ያስተምሯቸው ያለ ሀላፊ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለሌላው ተማሪ አስተማሪ ይቀጠራል መጽሐፍ ይታተማል፣ የኛ ልጅ ጋ ሲደረስ ግን እናቱ ታስተምረው፣ ያውም ሳትሰለጥን፣ ያውም በነጻ።

ማስተማሩ ሙያ ነው ሰዎች፣ በአይኔ አይቼዋለሁ። ቲቸሯ ሸሚዝ መልበስ ስታስተምረው አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁ። ሸሚዙን አለበሰችው፣ ቁልፎቹን በሙሉ ራሷ ቆለፈች፣ የመጨረሻዋን ቁልፍ ግን ቀዳዳው ውስጥ ግማሽ ድረስ አስገብታ ተወችው። እሱ በሁለት ጣቱ ይዞ ሳብ አደረጋትና ወጣች። «ጨረስክ! አብሽር፣ ትችላለህ» አለችው፣ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሁለት ሳምንት ያቺን አንዲት ቁልፍ ብቻ ነው የሰሩት። ከዛ ሁለት ቁልፍ ተወችለት፣ ከዛ ሶስት፣ እንዲህ እያለ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ለምን እንደዛ ብዬ ስጠይቃት ከመጀመሪያው ብጀምርለት መሀል ላይ ያቅተውና እኔ እጨርስለታለሁ፣ ከመጨረሻው ስጀምርለት ግን ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ነው አለችኝ። እያንዳንዷን እርምጃ ብቻውን ነው የሰራት፣ ተነግሮት ነው፣ ወይስ እጁ ተይዞ ነው ብላ በደብተር ትመዘግባለች። እናቴ 12 አመት ሙሉ ስታለብሰው ይሄ ዘዴ አንድም ቀን አልመጣላትም፣ እኔም ዲግሪ አለኝ እኔም አልመጣልኝም።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፣ የተሳቀበት እሱ ስለሆነ። ቡና ማፍላት ምን ምን እንዳለበት አስባችሁት ታውቃላችሁ? መልቀም አለ፣ ማጠብ አለ፣ መቁላት አለ፣ ሲቆላ መንጣጣቱን ሰምቶ ቀለሙን አይቶ መቼ እንደሚወጣ መለየት አለ፣ መውቀጥ አለ፣ ጀበናው ሊገነፍል ሲል ቶሎ ማውረድ አለ፣ ማቶቱ ላይ አስቀምጦ እስኪሰክን መጠበቅ አለ፣ ይሄን ሁሉ አንዱን ካንዱ ሳያምታቱ በተራ መስራት ነው፣ በተራ መስራት ደግሞ ለነዚህ ልጆች የሁሉም ነገር መሰረት ነው። ወንድሜ 7 ቁጥር በጠመኔ ቢጻፍለት አያውቃትም፣ ስንት አመት ሞክረናል። ሰባት ሰው ቁጭ ብሎ እሱ ስድስት ስኒ ከደረደረ ግን ቀና ብሎ ሰዉን በጣቱ አንድ አንድ እያለ ያይና ሄዶ ሰባተኛውን ስኒ ያመጣል። ይሄ ቁጥር አይደለም? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሶስተኛ ማለት አይደለም? በረካው ሳይጠጣ ሰው ሊነሳ ሲል «አንድ ቀረ» ብሎ እጁን ይይዘዋል፣ ቲቸሯ ከዚህ በላይ ምን ታምጣ? «ስኳር ስንት?» ብሎ እያንዳንዱን ሰው አይኑን እያየ ይጠይቃል፣ ይሄ ልጅ የሰው አይን ማየት የማይችል ልጅ ነበር፣ አሁን ጠይቆ መልሱን ይጠብቃል፣ ለትልቅ ሰው ያስቀድማል፣ እሳት ሲነካ ጨርቅ ይይዛል። ቋንቋ ነው፣ ሂሳብ ነው፣ ጥንቃቄ ነው፣ ግብረገብ ነው፣ አንድ ረከቦት ላይ። ፊደል ማስቆጠር እያላችሁ እኛ ላይ የሳቃችሁት በዚህ ነው።

ደግሞ ሌላ ቦታ አይደለንም፣ ወሎ ነን። እዚህ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም፣ ዱአው የሚደረገው እዛ ነው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ የሚሰማው እዛ ነው። ቡና ማፍላት የቻለ ልጅ ሰፈር ገባ ማለት ነው። ወንድሜ ጓዳ ሲደበቅ የኖረው ልጅ አሁን ጎረቤት ጠርቶ ይመጣል። ቅሬ ላይ፣ ማለትም የሰፈራችን እድር ላይ፣ ከጎረምሶቹ ጋር አግዳሚ ይሸከማል፣ ውሃ ያድላል፣ ባለፈው ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ፣ አስራ ምናምን አመት እዛው ሰፈር የኖረ ልጅ! ያላወቁት ቤት ውስጥ ስለነበረ ነው። ሱቅም ይሄዳል፣ ሀምራዊው 200 እንደሆነ አረንጓዴው 10 እንደሆነ በቀለሙ ነው የለየው፣ እሱንም ያስተማሩት እዛው ክፍል ነው፣ በካርቶን ሱቅ ሰርተው።

«ወንድ ልጅ ቡና አፍልቶ ምን ሊሆን ነው» ያሉኝም አሉ ከስብሰባው ስንወጣ። ምን እንደሚሆን ልንገርዎት ጋሼ፣ እናቴ ስትሞት በራሱ እጅ በልቶ ጠጥቶ ያድራል። እንደኛ አይነት ልጅ ያለው ቤት ውስጥ ማታ ማታ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እኛ ስንሞት ይሄ ልጅ ማን ላይ ይወድቃል የሚል። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የጀመረው ያ ክፍል ነው፣ እሱን ነው ስቶር ያደረጋችሁት።

ሴቶቹስ? ከወንድሜ ጋር የሚማሩ ሴት ልጆች አሉ። የወር አበባ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው የሰውነት ክፍል የግል እንደሆነ፣ ሰው ሲነካቸው እምቢ ብለው መጮህ እንዳለባቸው በመጋረጃ በተከለለችው ጥግ የሚማሩት እዛው ክፍል ነበር። በፈረንጆቹ 2012 በአለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ተሰርቶ የወጣ ጥናት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ለጾታዊ ጥቃት የሚጋለጡት ከሌላው ልጅ 4.6 እጥፍ ነው ብሏል። ይሄንንስ በየቤታችን እናስተምር? በየቤቱ አፍረን የምንደባብቀው ነገር ነው እኮ።

ህግ ካላችሁም ህጉ ከኛ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፣ ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ አካል ጉዳተኞች የኑሮና የማህበራዊ እድገት ክህሎት እንዲማሩ መንግስታት ማስቻል አለባቸው ይላል። የትምህርት አንቀጹ ውስጥ ነው ያለው፣ የቤት አያያዝ የሚል ሌላ አንቀጽ ውስጥ አይደለም። ህገ መንግስቱም አንቀጽ 41 ላይ ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እርዳታ ይመድባል ይላል፣ «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ቃል ይዛችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። የምን አቅም? ክፍሉ ተሰርቶ ያለቀ ነው። ጦርነቱ በ2014 ደሴ ሲገባ እቃው በሙሉ ከጠፋ በኋላ ጀበናውን ሳይቀር ከየቤታችን አዋጥተን የሞላነው እኛ ወላጆቹ ነን። ከናንተ የተጠየቀው ከሰልና ትንሽ ስኳር ነበር።

አንድ ሰውዬ ደግሞ ልዩ ክፍል ማግለል ነው፣ ዘመኑ የአካቶ ነው፣ መደበኛ ክፍል ይግቡ አሉ። አካቶውን እኔም እፈልገዋለሁ፣ ስፖርትና ሙዚቃ ከሌሎቹ ጋር ነው የሚማረው፣ በጣምም ይወደዋል። ግን ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ያለ ረዳት የመጨረሻው ዴስክ ላይ አስቀምጦ መርሳት አካቶ አይባልም፣ ጓዳውን ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ማዞር ነው። በ2004 የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት/አካቶ ትምህርት ስትራቴጂ የድጋፍ መስጫ ማዕከላት ይቋቋሙ ነው ያለው፣ ያሉትን ዝጉ አላለም።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ እንደወትሮው ሄደ። ሰኞ የቡና ቀናቸው ነው። በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘና ቆመ፣ ቲቸሯ መጥታ እጁን ይዛ ወደ ሌላ ክፍል እስክትወስደው ድረስ እዛው ቆሞ ነበር አለችኝ። ማታ ቤት መጥቶ ሶስት ጊዜ «ቁልፍ» አለኝ፣ ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ።

የቅሬያችን እናቶች ተነጋግረዋል፣ ከሰሉንም ቡናውንም በየተራ እናመጣለን ብለዋል፣ ስኳሩን እኔ እችላለሁ። መጽሐፉን የምትደረድሩበት ሌላ ቦታ ፈልጉና ለሚቀጥለው ሰኞ ያንን በር ክፈቱልን።