ለአምባላጌ ዘማቾቻችን የቀረበ ምስጋና

ከጅማ ተነሥተው፣ ደሴንና ማይጨውን አልፈው፣ አምባላጌ ላይ ፎቶ ተነሥተው የሚመለሱ የከተማችን ተጓዦች የሚገባቸውን ክብር እስካሁን አላገኙምና የበኩሌን ልወጣ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት ስፍራ፣ ማለክለክን ደብቆ ለካሜራ ፈገግ ማለት እንደ ቀላል ተጋድሎ ሊታይ አይገባም።

በዚያ ተራራ ላይ ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ፊታውራሪ ገበየሁ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ውጊያውን እንደ ከፈቱ ይነገርላቸዋል፤ የጣልያኑ ሻለቃ ቶዜሊም ከአብዛኛው ጦሩ ጋር እዚያው ቀርቷል። የእኛ ዘማች ግን እንዲህ ያለ ችኮላ አይወድም። ደመናው እስኪገለጥ ድረስ መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ሲገለጥም በኪራይ ያመጣውን ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻውን በግራ እጁ አንግቦ፣ በስፖርት ጫማው ድንጋይ ረግጦ ይቆማል። ጋሻው የተያዘው ተገልብጦ ነው፤ ይህም ቢሆን ጠላትን ለማደናገር የታሰበ ስልት ሊሆን ስለሚችል አልፈርድበትም።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ከዘመቻው ተመልሶ ቡና ላይ ሲተርክልን፣ ቶዜሊን ለእንግሊዞች እጁን አሰጠው። በግንቦት 1933 ዓ.ም. እዚያው ተራራ ላይ ለእንግሊዞች እጁን የሰጠው የጣልያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን መሆኑን፣ ሻለቃው ግን ያኔ ከሞተ 45 ዓመት እንዳለፈው የሚያውቁ ሽማግሌዎች አጠገቡ ነበሩ፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ነውና ስኒያቸውን አተኩረው ተመለከቱ። ደግሞስ የቀድሞዎቹ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጊዜ የፈጀባቸውን ሁለት ውጊያ በአንድ ከሰዓት በኋላ የጨረሰ ሰው ምን ይወጣለታል?

ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፊቱ፣ ጎፈሩ፣ እንደገና ፊቱ፣ ከዚያም ጥርሱ። ቶናውን የሚቀዱት እትዬ ጀበናውን አስቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና፣ «ልጄ፣ ተራራው የታለ?» አሉት። ከግራ ትከሻው በላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ግራጫ ነገር አሳያቸው። እትዬም «እሰይ፣ እንኳን በሰላም መለሰህ» ብለው ፈንዲሻውን አቀረቡለት።

እኔ በበኩሌ ወኔው ሳይበርድ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከደጃችን ወዳለው ወደ ጅሬን ኮረብታ፣ ወደ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንድንወጣ ጋበዝሁት፤ ጅማ ተወልዶ ጅማ ያደገው ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ እዚያ ወጥቶ አያውቅም።

«እዚያ ደግሞ ማን ከማን ጋር ተዋጋ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር ገብረው አገራቸውን ከጦርነት እንዳተረፉ፣ ስለዚህም የሚታየው የእንጨት ፎቅ እንጂ የጦር ሜዳ እንዳልሆነ ነገርሁት። በሐዘኔታ አየኝና ጎፈሩን ወደ ሻንጣው መለሰ።

«ታዲያ ምን ለብሼ ልነሣ?» አለኝ።