ጥምቀትን ከነውሻው

በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ከዋርካው ሥር ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ ከመካከላችን የሁለት ልጆች እናት የሆነች እህታችን ለመጪው ጥምቀት ከቤተሰቧ ጋር ወደ ጎንደር እንደምትሄድና ውሻቸውን ቡቺንም ይዘውት እንደሚጓዙ ነገረችን። ነገሩን በወጉ እንዳሰበችበት ያስታውቃል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ቀደም ብሎ ተሰጥቶታል፣ የክትባት ካርዱ ከመኪናው ሰነድ ጋር ተቀምጧል፣ የሚያርፉበት የአጎቷ ግቢም የታጠረ መሆኑ በስልክ ተጠይቋል። ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችን ግን ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማሽም? የበላው ባሕር ዳር ነው፤ ጎንደር ሄዶ ለማን ሊጮኽ ነው?» አሏት።

«ጋሼ፣ ሁላችንም ከሄድን በበላበት ማን ያበላዋል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ለዚህ የሰጡት መልስ እርሳቸው በዓል በመጣ ቁጥር ያደርጉት የነበረውን መተረክ ነበር። ሰንሰለቱን ጠበቅ፣ ትርፍራፊውን በሳህን ከመር አድርገው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ውሻው እዚያው ነው፣ ጎረቤትም «ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አደረ» ብሎ ይመሰክርለታል። «አያችሁ? በበላበት ይጮኻል!» ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ። በሰንሰለት የታሰረ እንስሳ በሦስተኛው ሌሊት የጮኸው ሌባ አይቶ ሳይሆን ሳህኑ ተገልብጦ ውኃ አጥቶ ሊሆን እንደሚችል አንድም ጊዜ የታያቸው አይመስለኝም።

ባንክ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣትም ደገፋቸው። ውሻን ሽርሽር መውሰድ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፣ ሰው በተቸገረበት ዘመን ያሳፍራል አለ። ምን እንደሚያሳፍር ሲጠየቅ ግን ያው ወደ ተረቱ ተመልሶ፣ «ጋሼ እንዳሉት ነዋ፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል» ከማለት የዘለለ ነገር አላመጣም።

እህታችን የተናገረችው ስለ ቅንጦት አልነበረም። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና መሄድ ያልለመደ ውሻ ጠግቦ ከተነሣ ስለሚያስመልሰው ማለዳ ሳይበላ እንደሚሳፈር፣ ወረታና አዲስ ዘመን ላይ በማሰሪያው ወርዶ ውኃ እንደሚጠጣ አስረዳች። ምሳ ለመብላት ሲቆሙም መስኮቱን ገርበብ አድርገው መኪናው ውስጥ አይተዉትም። ውሻ እንደ ሰው ሰውነቱ ሁሉ አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፤ ውጭው 21 ዲግሪ በሆነበት ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከበሮውና እልልታው፣ ግፊያውም ስለሚያስደነግጠው ቡቺ ከአጎቷ ግቢ አይወጣም፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው በየተራ አብሮት ይቀራል።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ የምግቡ ነገር ነው። በዓል ሲሆን ውሻ ጠገበ የምንለው የዶሮ ወጥ ትራፊ ሲደፋለት ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፣ ነጭ ሽንኩርቱም እንደዚያው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ስለዚህ እህታችን ሽንኩርት ያልነካው ሩዝና ሥጋ ለብቻ ቀቅላ ትይዝለታለች። ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ «የእኔ ውሻ በርበሬውንም ይልሰው ነበር፤ በበላበትም ይጮኽ ነበር» አሉ። ውሻው ስንት ዓመት እንደኖረ ግን አልነገሩንም።

የክትባቱንም ጉዳይ እንደ ተርታ ነገር አለፉት። ሉዊ ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን በሰው ላይ የተጠቀመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ዛሬም በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ አካሉ መከላከያ እስኪያዳብር ሳምንታት ስለሚፈልግ የበዓሉ ዋዜማ ላይ ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ አይጠቅምም። የማያውቃቸው ውሾችና የዘመድ ልጆች ወዳሉበት ግቢ የሚወስደው ሰው ይህን አስቀድሞ መፈጸም ግዴታው ነው። ይዞ መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ ውሻው የሚያውቀው፣ ጧትና ማታ እየመጣ ውኃውን የሚቀይርለት አንድ ሰው ይፈልግ፤ በበላበት እንዲጮኽ የሚፈልግ ጌታ በበላበት እንዲበላም ማድረግ አለበት።

ከጋሼ ክርክር የከነከነኝ የውሻው ነገር ብቻ አይደለም። ዛሬ ዛሬ የሚያገለግለንን ሁሉ የምናየው በዚያው ዓይን ሆኗል። ቡችላ ሲያምር ገዝተን ፎቶ እናነሣዋለን፤ ሲያድግ ወደ ጎዳና እንገፋዋለን፤ ጎዳናው ላይ ሲበዛ መርዝ ይበተንለታል። በሩን የሚጠብቀው ዘበኛም ከዚህ የተሻለ ዕጣ የለውም። ቤተሰቡ በሙሉ ለጥምቀት ሲሄድ እርሱ ከጥር 10 እስከ 12 ብርድ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ የእርሱም ልጆች በዓል እንዳላቸው የሚያስታውስ፣ ተተኪ ፈልጎ አንዱን ቀን እንኳ የሚያሳርፈው አሠሪ በእኛ ሰፈር አላየሁም። በዚያች ቡና ላይ ውሻ በበላበት ይጮኻል እያልን ስንከራከር፣ ዘበኞቻችን በዓሉን የት እንደሚውሉ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።