ጨፍሬ ሳልጨርስ ቁጭ በል ተባልኩ

12 ለ 11። ይህን ውጤት ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ለራሴ እንደ ደጋገምኩት አልቆጠርኩም፤ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ካደረ ሕመም ይሆንብኛልና ዛሬውኑ ልገላገለው። በፈረንጆቹ 2023 የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኒውዚላንድ በደቡብ አፍሪካ በመሸነፏ ብቻ አይደለም የምጽፈው። የአርሰናል ደጋፊ ሆኖ ያደገ ሰው ሽንፈትን አያውቅም የሚል ካለ ይምጣና ያነጋግረኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ዳኞቹ ደስታዬን «ቆይ፣ አንድ ጊዜ እንየው» ብለው ከእጄ ከተቀበሉኝ በኋላ እንደ ክፉ ተበዳሪ ሳይመልሱልኝ መቅረታቸው ነው።

ጨዋታውን ያየሁት እንደተለመደው ደቡብ አፍሪካዊው ጎረቤቴ ቤት ነው። የፓሪስ ምሽት ለእኛ ለኦክላንድ ነዋሪዎች የእሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ ቅዳሴውን ትቼ ነበር የሄድኩት፤ ባለቤቴ ይህን ኃጢአቴን እስከ ፋሲካ እንደምታነሣብኝም አውቄ ገብቼበታለሁ። ሽማግሌው ሰባን ያለፉ፣ በልቤ ጋሼ የምላቸው፣ ለወትሮው እንደ መናኝ ዝም የሚሉ ሰው ናቸው። አረንጓዴ ማሊያቸውን ለብሰው፣ ቡና ነው የሚሉትን ቀጭን ውኃ በትልቅ ኩባያ ቀድተው ጠበቁኝ። በሰው ቤት አይነቀፍም ብዬ ተቀበልኩ።

ነገሩ ገና ከጅምሩ ነበር የተበላሸው። የእኛው ሻነን ፍሪዘል የደቡብ አፍሪካው ቦንጊ ምቦናምቢ እግር ላይ ወድቆ በሦስተኛው ደቂቃ ገደማ ቢጫ ካርድ አየና ለ10 ደቂቃ ወጣ። እሺ ብዬ ዋጥኩት፤ ምቦናምቢም ተጎድቶ ወጥቷልና ለመከራከር ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ከዚያ አምበላችን ሳም ኬን ጄሲ ክሪልን ከፍ ብሎ ጭንቅላቱ ላይ ገጨው። ዋናው ዳኛ ዌይን ባርንስ ቢጫ አሳይቶ ጉዳዩን ወደ «ባንከር» ላከው፤ በእኛ ቋንቋ ምሽግ ማለት ነው። እዚያ ምሽግ ውስጥ፣ ከሜዳው ውጪ፣ ማንም የማያየው ዳኛ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቢጫው ቢጫ ይሁን ወይስ ወደ ቀይ ይለወጥ የሚለውን እስከ 8 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይወስናል። ይግባኝ የለም፤ ተከሳሹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አምስት ሚሊዮን ሕዝብ ያለው አገርም አብሮት ይጠብቃል። እኔ በዕድሜዬ ምሽግ የሚገባው የሚተኮስበት ሰው እንደሆነ ነበር የማውቀው። ቀይ ሆነ። በወንዶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ታሪክ የመጀመሪያው ቀይ ካርድ ለእኛ አምበል ተቆጠበ።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደ ተጀመረ ደግሞ የእነርሱ አምበል ሲያ ኮሊሲ አርዲ ሳቬያን ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጨው። ያው ቢጫ፣ ያው ምሽግ፣ ያው ጥበቃ። ይህኛው ግን ቢጫ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቴ ልዩነቱን እጃቸውን እያወዛወዙ አስረዱኝ፤ ያኛው ቀጥ ብሎ ነበር፣ ይህኛው ጎንበስ ብሏል አሉ። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። ነገር ግን የአንድን ሰው ጉልበት ስንት ዲግሪ ታጠፈ ብሎ በዝግታ በሚታይ ምስል መለካት የዳኛ ሥራ ነው ወይስ የወጌሻ?

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ። 54ኛው ደቂቃ አካባቢ ነው፤ 12 ለ 6 እየተመራን ነው። ሪቺ ሞኡንጋ እንደ እባብ ተጥመልምሎ መከላከያውን ሰነጠቀና ለአሮን ስሚዝ አቀበለው፤ ስሚዝም በጥቁሩ ማሊያ የመጨረሻ ጨዋታው ላይ ተወርውሮ ኳሷን ከመስመሩ ባሻገር መሬት አስነካት፤ ትራይ የሚሉት ይህን ነው። ከሶፋው ተነሣሁ። መነሣት ብቻ አይደለም፤ በሰው ሳሎን መካከል እንደ ደግ ዘመን አርበኛ ፎከርኩ፤ ኩባያውን በእግሬ መትቼ ያንን ቀጭን ቡና ምንጣፋቸው ላይ ደፋሁት።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ።

«ትራይ ነው እኮ! አላዩም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ቁጭ በል፤ ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና? ኳሷ መሬት ነክታለች!»

«መሬት መንካቷን አይደለም የሚመረምሩት። ከየት እንደ መጣች ነው።»

ወዲያው ያ የማልወደው ምስል መጣ። ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ፣ ከዚያም ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ትንሽ ቢቆዩ አውሮፕላኑ ከኦክላንድ የተነሣበት ድረስ የሚደርሱ መሰለኝ። በመጨረሻ ከመስመር ውጪ የወጣው ኳስ ሲወረወር፣ ኳሷ ከሳቬያ እጅ ወደ ፊት ማምለጧን አገኙ፤ በራግቢ ይህ ጥፋት ነው። ተሰረዘ። ይህ ሲነገር እኔ ጎረቤቴ ባቀበሉኝ ጨርቅ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ ምንጣፍ እየጠረግኩ ነበር።

«ደንቡ ሁለት ፌዝ ነው የሚለው!» አልኩ ከታች ሆኜ። ፌዝ የሚሉት አንድ ተጫዋች ተይዞ ወድቆ ኳሱ እንደገና እስኪወጣ ያለውን የጨዋታ ምዕራፍ ነው፤ በዚህ ዋንጫ ደንብ የቪዲዮ ዳኛው ከትራይ በፊት እንዲህ ያለውን ስሕተት ፍለጋ ወደ ኋላ እንዲሄድ የሚፈቀድለት ሁለት ፌዝ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈቀደው አደገኛ ጥፋት ሲሆን ነው። የዛሬው ከሁለት በላይ ነበር፤ ሦስት ጊዜ እየመለስኩ ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ የዛሬው ፌዝ አማርኛው ፌዝ ነው።

ሽማግሌው ግን ረጋ ብለው ጠየቁኝ። «ኳሷ ከእጁ ወደ ፊት አምልጣለች ወይስ አላመለጠችም?»

«አምልጣለች፤ ነገር ግን...»

«ታዲያ?»

ይህች «ታዲያ» ናት ቀኑን ሙሉ ስታቃጥለኝ የዋለችው። መልስ ጠፋኝ። አሁን ቤቴ ገብቼ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ መልሱ መጣልኝ፤ እውነት ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ገደቡን ለምን ጻፋችሁት? ገደቡን ከጻፋችሁ ደግሞ ለምን ዘለላችሁት? እስከፈለጉበት ወደ ኋላ የሚኬድ ከሆነ የትኛውም ትራይ ንጹሕ አይወጣም፤ ያልተፈተሸችው ሁሉ ስላልፈተሿት ብቻ ነው የጸደቀችው።

ነገሩን የሚያመርረው ያው ባርንስ መሆኑ ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንጆቹ፣ ካርዲፍ ላይ፣ የ28 ዓመት ወጣት ዳኛ ሳለ፣ ፈረንሳይ በግልጽ ወደ ፊት ከተወረወረ ኳስ ትራይ አገባች፤ እርሱም አላየ፤ ኒውዚላንድ በሩብ ፍጻሜው 20 ለ 18 ተሸንፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያኔ ካሜራው ሁሉ ቆሞ ሲያይ ዳኛው ግን አላየም ተባለ። ከ16 ዓመት በኋላ ደግሞ ዳኛው ያላየውን ካሜራው ቆፍሮ ያወጣል፤ የሚቆፈረው ግን ምንጊዜም የእኛ ጓሮ ነው። በ2007 እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ራግቢ የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። የዚህ አገር ሰው ግን ያንን ጨዋታ እንደ ቤተሰብ ሞት ስለሚያወራው ቂሙን ከነወለዱ ወርሻለሁ።

ይህንኑ ለጎረቤቴ አነሣሁባቸው። ባላነሣሁ!

«በ2011 ኤደን ፓርክ ላይ ፈረንሳይን 8 ለ 7 አሸንፋችሁ ዋንጫ ስትወስዱ ዳኛው ማን ነበር?» አሉኝ።

ክሬግ ዡበር። የአገራቸው ሰው።

«ፈረንሳዮች ቅጣት ምት ተከለከልን ብለው ሲያለቅሱ አንተ የት ነበርክ?»

እዚሁ ኦክላንድ፣ ኩዊን ስትሪት ላይ ነበርኩ። አገሩ ከገባሁ ስድስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ አንድም ደንብ ሳላውቅ የማላውቀውን ሰው አቅፌ እየጨፈርኩ ነበር። ይህን ለእርሳቸው አልነገርኳቸውም፤ ግን ፊቴ ሳይነግራቸው አልቀረም። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «እናንተ ሩጫው ላይ ጎበዞች ናችሁ፤ እርሱ የሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ነው» አሉኝ።

እንዲህ የተናገሩኝ ሰው የራግቢ ዳይሬክተራቸው ራሲ ኢራስመስ በ2021 ከብሪታኒያና አየርላንድ ጥምር ቡድን ከላየንስ ጋር የተደረገውን የመጀመሪያ ጨዋታ ከተሸነፉ በኋላ በዳኛው ላይ የ62 ደቂቃ ቪዲዮ የሠራ አገር ልጅ ናቸው! ስድሳ ሁለት ደቂቃ! ቅዳሴ እንኳ ለመስማት ያን ያህል ሳይቆም የሚወጣ ሰው አለ። ሰውዬው በዚያ ምክንያት ለሁለት ወር ከማናቸውም የራግቢ ሥራ ታግዷል። ይህን መልስ በሰዓቱ ብሰጣቸው ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር፤ ትዝ ያለኝ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን እየነዳሁ፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ነው።

የእግር ኳስ ወገኖቼ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እየላካችሁልኝ ያላችሁትን ሳቅ አይቻለሁ። ሳቁ። የዛሬ ወር ገደማ ቶተንሃም ላይ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ያስቆጠራት ንጹሕ ጎል የተሰረዘችው ቫሩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሜዳ ላይ የተሰጠውን ውሳኔ በትክክል ስላልተረዱ ነበር፤ ድምፁ የተለቀቀው ከቀናት በኋላ ነው። በራግቢ ግን ሁሉንም በቀጥታ ትሰማላችሁ። ባርንስ በሙያው ጠበቃ ስለሆነ በጨዋ ቋንቋ፣ በተመጠነ ድምፅ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እያስረዳ ነበር የሚፈርድባችሁ። ድሮ ይህንን እንደ ሥልጣኔ እያነሣሁ በእናንተ ላይ እኮራ ነበር። ዛሬ ግን ባልሰማሁት ብያለሁ፤ በትሕትና የተነጠቀ ሰው ጮኾ ለመሳደብ እንኳ ያፍራል።

እሺ፣ ይህንንም ልናገር፤ ካልተናገርኩ ጎረቤቴ እንደሚያስታውሱኝ አውቃለሁ። ከዚያች ከተሰረዘችው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቦደን ባሬት ትራይ አግብቷል፤ ሞኡንጋ ተጨማሪዋን ሁለት ነጥብ ከጥግ ሞክሮ ስቷል። መጨረሻ ላይ የእነርሱ ቼስሊን ኮልቢ ቢጫ አይቶ ሲወጣ ጆርዲ ባሬት የመታት ረጅም ቅጣት ምትም ወጥታለች። ከሁለቱ አንዷ ብትገባ ዋንጫው የእኛ ነበር። «ይህንንም ካሜራው ነው ያሳታችሁ?» አሉኝ። የእነርሱ ሃንድሬ ፖላርድ የመታቸውን አራቱንም ቅጣት ምት አስቆጥሮ 12ቱንም ነጥብ ብቻውን አምጥቷልና ዝም አልኩ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሕዝቡ ወጥቶ ጠበል ጸዲቅ ላይ ነበር። አንድ አባት ፊቴን አይተው፣ «ምነው፣ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ ደረሰህ?» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ ከፓሪስ» አልኩ። ባለቤቴ ብቻ ነበረች የገባት፤ እንቁላል ለምትመስል ኳስ ቅዳሴ አስቀርቶ ያቃጥላል ብላ ዞር አለች።

ውርርዱንማ አልነገርኳችሁም። የተሸነፈ የአሸናፊውን ግቢ ሣር ቅዳሜ ያጭዳል ተባብለናል። የእርሳቸው ግቢ የእኔን ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ስንዋዋል አላሰብኩትም፤ ይህንንም ወደ ኋላ ሄዶ የሚመረምርልኝ የለም። አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ መልእክት ላኩልኝ፤ ከአጥሩ ሥር ያለውን እንዳልዘል፣ በሩ ላይ ባለው ካሜራ እንደሚያዩኝ። ቅዳሜ ዝናብ እንዲዘንብ ጸልዩልኝ።