ቢዳር የማን ናት?

በደቡብ ሕንድ፣ ቢዳር ከተማ አጠገብ፣ ሀብሺ ኮት የሚባል ኮረብታ አለ። «የሐበሾች ምሽግ» እንደማለት ነው። እዚያ ያሉት መቃብሮች ከዘመናት በፊት ቢዳርን ይገዙ ለነበሩ ሱልጣኖች ያገለገሉ የሐበሻ ሹማምንት ናቸው።

ይህን የሰማ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ስልኩን አውጥቶ ካርታ ላይ ይፈልጋል። ቀጥሎ ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ክፋት የለውም። ግን ካርታውን ከከፈታችሁት አይቀር ዙሪያውንም እዩት። ቢዳር የካርናታካ ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ተሸጉጣለች። በምዕራብና በሰሜን ማሃራሽትራ፣ በምሥራቅ ቴላንጋና። የራሷ ግዛት ዋና ከተማ ቤንጋሉሩ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የጎረቤት ግዛት ዋና ከተማ ሃይደራባድ ግን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት።

እንዲህ ዓይነት ካርታ በራሱ አይበቅልም። ሰው አስምሮት ነው።

ቢዳር ደግሞ የመስመር ነገር ቀድሞም ደም ያፋሰሰባት ከተማ ናት። በ15ኛው መቶ ዘመን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የባህማኒ ሱልጣኖች መናገሻ ነበረች። መሐሙድ ጋዋን የሚባል ከፋርስ የመጣ ነጋዴ እዚያ ከፍ ከፍ አለና ዋና ሚኒስትር ሆነ። አገሪቱ በአራት ትልልቅ ክፍለ አገር ተከፍላ ነበር፤ እያንዳንዱ አገረ ገዥ በራሱ ግዛት ንጉሥ ነው። ጋዋን አራቱን ስምንት አደረጋቸው። አንድ ገዥ በእጁ ከአንድ ምሽግ በላይ እንዳይይዝም ከለከለ። ያኔ ባለሥልጣናቱ ጥርስ ውስጥ ገባ። ማኅተሙ ያረፈበት ባዶ ወረቀት ተገኘና የኦሪሳን ንጉሥ «ና ውረር» የሚል ደብዳቤ ተጻፈበት። ሱልጣኑ ሳያጣራ አመነ። በ1481 ሽማግሌው አንገቱ ተቀላ።

ሰይፉን ያነሳው ጆሐር የተባለ ሐበሻ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊው ፊሪሽታ ይተርካል። በሀብሺ ኮት ደረታችንን ስንነፋ ይቺንም አብረን እንያዛት።

ሱልጣኑ ዓመት ሳይቆይ ሞተ፣ መንግሥቱም ቀስ በቀስ አምስት ቦታ ተበታተነ። ጋዋን በ1472 ያሠራው ማድራሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) ግን ዛሬም ቆሟል፣ ግማሹ ቢሆንም። በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ባሩድ ፈንድቶ የፊቱን ግማሽ ወስዶታል። የቀረው ሚናሬት ላይ የሰማያዊ ሸክላ ንጣፉ ርዝራዥ አሁንም ይታያል።

ሁለተኛው አስማሪ የሕንድ ፓርላማ ነው። እስከ 1948 ቢዳር በሃይደራባዱ ኒዛም፣ ማለትም በሃይደራባድ ገዥ፣ ሥር ነበረች። ኖቬምበር 1 ቀን 1956 የሕንድ ግዛቶች በቋንቋ ሲደራጁ የሃይደራባድ ግዛት ለሦስት ተከፈለች፤ የቢዳር ዲስትሪክትም እንደ ዳቦ ተቆረሰች። (ዲስትሪክት በእኛ ሚዛን ዞን በሉት፣ ከሥሩ ያለው ታሉክ ደግሞ ወረዳ።) ማራቲ ተናጋሪዎቹ ኡድጊር፣ አህመድፑርና ኒላንጋ ወደ ምዕራብ ሄዱ። ቴሉጉ ተናጋሪዎቹ ዛሂራባድና ናራያንኬድ ወደ ምሥራቅ። የተረፈው ካነዳ ቋንቋ ይነገርበታል ተብሎ ዛሬ ካርናታካ ለምትባለው ግዛት ተሰጠ።

በቋንቋ ማካለሉ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም። ገበሬ በማይገባው ቋንቋ ሲዳኝ መኖሩ ቀልድ አይደለም። ችግሩ ቢዳር እንዲህ ተለይታ የምትቆረስ አለመሆኗ ነው። ካነዳ፣ ማራቲ፣ ቴሉጉና ኡርዱ አንድ ገበያ ላይ የሚሰሙባት አገር ናት። ጠቡም አላለቀም፤ ማሃራሽትራ ከቢዳርም ጭምር መንደሮች ይገቡኛል ብላ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከስሳለች።

የእኔ ቅሬታ ግን የድንበሩ አይደለም፤ ከመስመሩ በኋላ የመጣው ነው። ዳር ላይ የተጣለ አገር ባጀት ሲደርሰው ጭልፋው ባዶ ነው። ከሃይደራባድ ግዛት ለካርናታካ የደረሰው አካባቢ፣ ቢዳርም ጭምር፣ ኋላ ቀርነቱ ሕገ መንግሥት እስከ ማሻሻል አድርሷል፤ በ2012 ለአካባቢው ልማት፣ ትምህርትና ሥራ ልዩ አንቀጽ ጸደቀለት። በ2019 ደግሞ የአካባቢው ስም ተቀየረ። «ሃይደራባድ ካርናታካ» ቀርቶ «ካልያና ካርናታካ» ተባለ። አምስት የነበሩት የቢዳር ታሉኮችም ስምንት ሆነዋል። ስምና ቢሮ ይበዛል፣ ርካሽ ስለሆነ።

ቅርስ ላይም ያው ነው። ከስምንቱ ታሉኮች አንዱ ባሳቫካልያን ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን ባሳቫንና የተባለው አሳቢ ዘር ሳይለይ፣ ሴቱንም ጫማ ሰፊውንም ሰብስቦ ያወያይ የነበረው እዚያ ነው። ለዚያ ጉባኤ መታሰቢያ 500 ክሮር ሩፒ፣ ማለትም 5 ቢሊዮን፣ ተመድቦ በ2021 የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ባሳቫንና ይገባዋል። ካነዳ ቋንቋ የሚኮራበት ሰው ነው፣ በየምርጫው የሚቆጠር ተከታይም አለው።

ካሬዙስ? ካሬዝ ማለት ፋርሶች ያመጡት ከመሬት በታች የሚሄድ የውኃ መንገድ ነው። የቢዳሩ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ዓለቱን ሰንጥቆ ያልፋል፣ በየርቀቱ እንደ ጉድጓድ ወደ ላይ የሚከፈት መተንፈሻ አለው። ያለ ፓምፕ፣ በተዳፋቱ ብቻ ውኃ ያወርዳል። ለረጅም ዘመን ቆሻሻና ደለል ሲደፋበት ኖሮ የተጠረገው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ካሬዝ ቋንቋ የለውም፤ ድምፅም አይሰጥም።

ቢድሪን ሳላነሳ ካለፍኩ ነውር ነው። ከቢዳር ስም የተወሰደ የብረት ሥራ ነው፤ ሳህኑ፣ ማሰሮው፣ ሳጥኑ። ዚንክ ከትንሽ መዳብ ጋር ቀልጦ ቅርጽ ይወጣለታል። ሠራተኛው በስለታም መሮ ሐረግና አበባ ይቀርጽበታል፤ በቀረጸው ቦይ ውስጥ የብር ክር እየቀጠቀጠ ያስገባል። እስከዚህ ድረስ ብሩም ብረቱም አንድ ግራጫ ነው፣ ሥራው አይታይም። ከዚያ ከአሮጌው ምሽግ የመጣ አፈር ከጨው መሰል ማዕድን ጋር ተበጥብጦ ይታሽበታል። ብረቱ ከሰል ይመስላል። ብሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ምስጢሩ አፈሩ ነው። ለዘመናት ፀሐይና ዝናብ ያልነካው መሆን አለበት ይላሉ። እንዴት ያውቁታል? ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ ያኖሩታል። ቀምሰው ይመርጣሉ።

ከነዚህ አንዱ ሻህ ራሺድ አህመድ ቃድሪ በ2023 ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የአገሪቱን ሽልማት ወሰዱ። ለጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲ ፊት ለፊት የነገሯቸው መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በቀድሞው መንግሥት ይሰጠኛል ብዬ ጠብቄ ቀረብኝ፣ የእናንተ ሲመጣ ጭራሽ ተስፋ ቆረጥኩ፣ ተሳስቻለሁ አሏቸው። ሰውዬው ሙስሊም ናቸው፣ የሞዲ ፓርቲ ደግሞ የሂንዱ ብሔርተኞች። የትኛው ቅርስ የማን ተብሎ እንደሚቆጠር እዚያ ያለ ሰው በደንብ ያውቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን ልናገር። ከ2014 ጀምሮ የዴካን (የደቡብ ሕንድ አምባ) ሱልጣኖች ሐውልቶችና ምሽጎች፣ የቢዳርም ጭምር፣ ለዩኔስኮ በዕጩነት ዝርዝር ላይ ተቀምጠዋል። ከካርናታካ ቢዳር፣ ጉልባርጋና ቢጃፑር፣ ከማዶ ደግሞ ሃይደራባድ። ፋይሉ ሁለት ግዛቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ አይንቀሳቀስም። ይቀመጡ። ማሃራሽትራንም ይጥሩ፤ በ1956 የተቆረሰው የኡድጊር ምሽግ የዚሁ ታሪክ ቁራሽ ነው። ድንበሩን ማንም አይንካ፤ የጥገናው ባጀትና የጎብኚው ትኬት ግን አንድ ይሁን። ቱሪስት ሦስት ግዛት መሻገሩ አያስጨንቀውም፣ መንገድና ሻይ ካገኘ።

ሀብሺ ኮት ላይ ደግሞ እዚያ ማን እንደተቀበረ የሚናገር አንድ ደህና ሰሌዳ ይቁም። በካነዳ፣ በኡርዱ፣ በማራቲና በቴሉጉ። ቦታ ከተረፈ ከታች አንድ መስመር አማርኛ ቢጨመርበት እኔ በበኩሌ አልቃወምም።