11 ዓመት ተብሎ 8 ወር

ኧረ ሰዎች ይሄ የሰፈራችን መብራት ሊያሳብደኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ በሬ ፊት ለፊት አንዲት ኤልኢዲ የመንገድ መብራት አለች፣ ሲመሽ ቦግ ትላለች፣ አቦል ሳይቀዳ ድርግም፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ቦግ፣ እንዲህ ስትል ታነጋለች። መጋረጃዬ ስስ ነው፣ ጭፈራ ቤት የተኛሁ ነው የሚመስለኝ። ጎረቤቴ እማማ ደግሞ ሬዲዮና ቲቪ ስለምጠግን ነው መሰለኝ እኔን ይዘዋል፣ "ልጄ ይቺን ነገር ቡዳ በልቷት ይሆን?" አሉኝ።

እማማ ቡዳ አይደለም፣ ሙቀት ነው የበላት!

"ማርቆስ ላይ ደሞ ምን ሙቀት አለ" እንዳትሉኝ፣ ይሄን ራሱ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፈው። የድሮው አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ይተፋዋል፣ እጅህን ስታስጠጋ ይፈጅሃል። ኤልኢዲ ግን እንደዛ አይደለም፣ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉ አንዳንዴም በላይ ሙቀት ሆኖ እዛችው ብርሃን የምትሰጠው ምስር የምታክል ችፕ ጀርባ ላይ ይቀራል። ያ ሙቀት ችፖቹ በተለጠፉበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ፣ ከስሩ በሚቀባው ሙቀት አሳላፊ ቅባት (ፔስት)፣ ከዛ ሂትሲንክ በሚባለው ክንፍ ክንፍ ያለው ሙቀት አውጪ ብረት አልፎ አየር ላይ መውጣት አለበት፣ መውጫ ካጣ ችፑ በገዛ ሙቀቱ ይቀቀላል። እኛ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም ስስ ነው፣ ስስ አየር ብዙ ሙቀት አይሸከምም።

ባለፈው ከታችኛው መንገድ የወረደች አንዷን ልጆች አመጡልኝና ፈታኋት። ወይ ጉድ! ሂትሲንክ ተብዬው የብስኩት ቆርቆሮ ነው፣ ክንፉ ለጌጥ የተጣፈ ነው እንጂ ከሰሌዳው ጋር አይነካካም። ፔስት የሚባል ጠብታ የለም፣ ሰሌዳው በሁለት ብሎን ተንጠልጥሏል። ድራይቨሩን፣ የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለችፖቹ የሚመጥነውን ዕቃ፣ የት ቢያስቀምጡት ጥሩ ነው? ችፖቹ ጀርባ፣ ምጣዱ ላይ! ድራይቨሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ አናቱ እንደ ህብስት አብጧል። እሱ ነገር ውስጡ ፈሳሽ ነው፣ ሙቀት ያደርቀዋል፣ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ብላችሁ ያዙት። ችፖቹን በየተራ ብለካቸው አብዛኞቹ ደህና ናቸው እኮ። የሞተው ድራይቨሩ ነው።

የኔዋም ብልጭ ድርግም የምትለው ከዚህ ነው። ሲግላት ወይ የተሰነጠቀ ብየዳ ይላቀቃል ወይ ድራይቨሩ ራሱን ለማዳን ያጠፋል፣ ሲበርዳት ትመለሳለች።

ካርቶኑ ላይ ግን 50,000 ሰዓት ይላል። እሺ እናስላ፣ በቀን 12 ሰዓት ብትበራ በዓመት 4,380 ነው፣ ስለዚህ 11 ዓመት ከምናምን ልትቆይ ነው። የኔዋ መስከረም ተሰቀለች፣ ግንቦት ላይ ጀመራት። ያ ቁጥር ራሱ ብዙ ጊዜ የሚያወራው የችፑ ብርሃን ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ ስላለው ጊዜ ነው፣ ያውም ሙቀቱ በልክ ከሆነ፣ ስለ ድራይቨሩማ ማን አንስቶት።

ክረምቱን ደግሞ አታንሱብኝ። ቀን ፀሐይ ሲጠብሳት ውላ ድንገት የሐምሌ ዝናብ ሲወርድባት ውስጧ ያለው አየር ይሸማቀቃል፣ በደረቀው ጎማ በኩል እርጥበት ትስባለች። ከዛ ዝገት። ከዛ የጮቄ ተራራ መብረቅ አለ፣ መስመሩ ላይ የሚመጣውን ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ጭማሪ የሚመክት አንድ ትንሽ ዕቃ እንኳን ውስጧ አላገኘሁም። ሲመሽ አብሪ ሲነጋ አጥፊ የምትለው የፎቶሴሏ ነገርማ ይቅር፣ አንዷ መብራት ቀን በስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቦግ ብላ ትውላለች፣ ፀሐይም ከላይ የራሷም ሙቀት ከውስጥ፣ ማታ ደግሞ ጨለማ!

ባሕር ዳር ሄጄ ደግሞ አንድ መስቀለኛ ላይ የትራፊክ መብራት አየሁ፣ ቀዩ ግማሹ ነጠብጣብ ጠፍቷል። እነዛ ፍሬዎች በሰልፍ ነው የሚታሰሩት፣ አንዷ ከተቆረጠች ሰልፉ በሙሉ ይጨልማል። ቀይ ኤልኢዲ ደሞ ከአረንጓዴው ይልቅ ሲሞቅ ብርሃኑ ቶሎ ይደክማል፣ እና የባሕር ዳር የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመታው ባለባጃጁ "በርቷል አልበራም?" ብሎ እኔን ተሳፋሪውን ይጠይቀኛል። እኔ ምን አውቄ! አለፍን፣ ከግራ የመጣው አይሱዙ ጡሩንባውን አስጮኸብን።

ይኸውላችሁ ትናንት መጥተው የኔዋን ቀየሯት። ከመሰላሉ ስር ቆሜ አዲሷን "እስቲ ልያዛት" ብዬ አነሳኋት፣ ቅልል፣ ያው ቆርቆሮ። ካርቶኑን ለምኜ ወስጄ ቀኑን ጻፍኩበት፣ 50,000 ከሚለው ስር። እናቴ አሁን ሽንኩርት አስቀምጣበታለች።